የተጎዳ አሮጌ ቤዝ ጊታር፤ ይጠገን ወይስ ይተው?

ያረጀና የተጎዳ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው «አርጅቷልና ይጣል» የሚለው የችኮላ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «እንደ አዲስ አድርገን እናድሰው» የሚለው የችኮላ ደግነት ነው። እንደ እኛ አስተያየት ከሁለቱ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። የተጣለን ዕቃ ሌላ ሰው አንሥቶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በቅን ልቡና ተፍቆ፣ ተሞርዶና ቀለም ተቀብቶ የተበላሸውን ግን ማንም ባለሙያ ወደ ነበረበት ሊመልሰው አይችልም። «ዐይን እኩላለሁ ብላ አጠፋችው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የተጎዳ አሮጌ ቤዝ ጊታርን ነው። ነገሩ ለጥቂት ሙዚቀኞች ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችል ይሆናል። ዳሩ ግን አዲስ መሣሪያ መግዛት ለተማሪ ኪስ ከባድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አሮጌው ደግሞ በየክበቡ ሣጥንና በየዘመዱ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ያ መሣሪያ ወይ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግል ወይም ለዘለዓለም ዝም እንዲል የሚያደርገው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚወሰነው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በምን ላይ መመሥረት እንዳለበት እንመልከት። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የመሣሪያው አመጣጥ

ቤዝ ጊታር ከሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል በዕድሜው ወጣት ከሚባሉት አንዱ ነው። ቀድሞ በባንድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጥ የነበረው ቆመው የሚጫወቱበት ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። ኮንትራባስ ለመጓጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ ከበሮውና መለከቱ በጮኹ ጊዜም ድምፁ ይዋጣል። ከዚህም በላይ በአንገቱ ላይ የጣትን ቦታ የሚያመለክት ነገር ስለሌለው ትክክለኛውን ድምፅ ለማግኘት ረጅም ልምምድ ይጠይቃል።

በ1951 በካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ሊዮ ፌንደር የተባለ ሰው «ፕሪሲዥን ቤዝ» የሚል ስም የሰጠውን መሣሪያ አወጣ። ፌንደር ጊታር መጫወት የማያውቅ የራዲዮ ጠጋኝ ነበር። «ፕሪሲዥን» ማለት ትክክለኛነት ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ የተተከሉት ፍሬት የሚባሉ 20 የብረት ዘንጎች ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት እንዲያገኝ ስለሚረዱት ይህ ስም ተሰጠው። የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገላው አንድ ወጥ እንጨት እንጂ እንደ ክራር ባዶ ሣጥን አይደለም፤ ድምፁን የሚያወጣው ከክሮቹ ሥር ባለው ፒክአፕ በሚባለው ማግኔትና በማጉያው ኃይል ነው። በ1956 ደግሞ የጀርመኑ ሆፍነር ፋብሪካ የቫዮሊን ቅርጽ ያለው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ቤዝ አቀረበ። በ1960 ፌንደር «ጃዝ ቤዝ» የሚባለውን ሁለተኛውን ዓይነት ጨመረ። እነዚህን ሦስቱን አንባቢያችን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ የምናነሣቸው ምሳሌዎች ከእነዚሁ የተወሰዱ ናቸውና።

ወደ ሀገራችንም ብንመለስ፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በዐዲስ አበባ ሆቴሎችና የሌሊት ክበቦች ይሰማ የነበረው የዘመናዊ ባንድ ሙዚቃ ያለ ቤዝ ጊታር የሚታሰብ አይደለም። የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ወይም የአይቤክስንና የኋለኛውን የሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮን ያዳመጠ ሰው፣ ዝቅ ብሎ የሚሄደው ድምፅ ዘፈኑን በትከሻው ተሸክሞ እንደሚጓዝ ያስተውላል። ከዚያ ዘመን የተረፈ መሣሪያ በአንድ ቤት ውስጥ ቢገኝ የእንጨትና የሽቦ ክምር ብቻ አይደለም፤ የዚያ ድምፅ ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ቃሉን ሳይሰጥ አይባረርም፤ ቃሉንም እንዲለውጥ አይገደድም።

ሦስት መሣሪያዎች፤ ሦስት ፍርዶች

የተጎዳ መሣሪያ ሁሉ መጠገን አለበትን? ለዚህ ጥያቄ በዓለም ላይ የታወቁ ሦስት ቤዝ ጊታሮች ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ይሰጡናል።

የመጀመሪያው ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ አባል የፖል ሲመነን ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። ሲመነን በሴፕቴምበር 1979 ኒው ዮርክ ውስጥ በፓላዲየም አዳራሽ ሲጫወት በንዴት መሣሪያውን ከመድረኩ ወለል ጋር አጋጭቶ ሰበረው። ፔኒ ስሚዝ የምትባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያንን ቅጽበት አነሣችው፤ ሥዕሉም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣው «ለንደን ኮሊንግ» የተባለው አልበም ሽፋን ሆነ። የተሰባበረው ቤዝ እንደ ተሰባበረ ተጠብቆ በለንደን ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። ይህን መሣሪያ አንድ ጎበዝ አናጢ ገጣጥሞ ሊያድነው ይችል ነበር። ነገር ግን ቢጠገን ኖሮ ከሌሎች ብዙ ፕሪሲዥን ቤዞች አንዱ ይሆን ነበር እንጂ ያ መሣሪያ መሆኑ ይቀር ነበር። ስብራቱ ራሱ ታሪኩ ስለሆነ ትክክለኛው ፍርድ አለመጠገን ነው።

ሁለተኛው የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ነው። የቢትልስ አባል የነበረው ማካርትኒ ይህን ቤዝ በ1961 ሐምበርግ ከተማ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ ገዛው። በ1964 ገደማ ቀለሙ ታደሰ፤ ፒክአፖቹም በአዲስ ዓይነት የእንጨት ክፈፍ ውስጥ ተቀመጡ። በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ላይ ተሰረቀና ከ50 ዓመት በላይ ጠፍቶ ቆየ። በመጨረሻ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ ለባለቤቱ መመለሱ በፌብሩዋሪ 2024 ተነገረ። በተገኘ ጊዜ ጥገና ሳይደረግለት ሊያጫውት የሚችል አልነበረም፤ ተጠግኖም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ማካርትኒ ለንደን ውስጥ በመድረክ ላይ ተጫወተበት። እዚህ ላይ ፍርዱ ተቃራኒ ነው፤ ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ ይጫወትበታል፣ መሣሪያውም የተሠራው ለመጫወት ነውና መጠገን ተገባው። ደግሞ አንድ ነገር እናስተውል። የ1964ቱ እድሳት በዛሬ ዐይን ሲታይ የመሣሪያውን የፋብሪካ መልክ ያበላሸ ነው ሊባል ይችላል፤ ሆኖም ያ የእንጨት ክፈፍ ይህን ቤዝ ከሌሎች ሆፍነሮች ለመለየት የሚረዳ ምልክት ሆነ። ማለት፣ አሮጌ ጥገናም በጊዜው የታሪክ ክፍል ይሆናል።

ሦስተኛው የጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዝ ነው። ይህ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ፍሬቶቹን ነቅሎ፣ ክፍተቱን ሞልቶ፣ አንገቱን ለጀልባ በሚሠራበት ጠንካራ ሙጫ ቀባው፤ እንደ ሰው ድምፅ የሚንሸራተተውን ዜማ ያገኘው በዚህ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ መሣሪያው ተሰባበረ። ባለሙያዎች ቁርጥራጩን ለቅመው ገጣጠሙት፤ የገላውንም ፊትና ጀርባ በስስ የእንጨት ልባስ አለበሱት። በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ከመናፈሻ ወንበር ላይ ተሰረቀ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲገኝ ይገባኛል ባዮች ተከራከሩበት፤ በ2010 የሜታሊካው ቤዝ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ ገንዘብ አውጥቶ ጉዳዩ እንዲያልቅ አደረገ። ይህ ቤዝ በፋብሪካ መልኩ ቢለካ የቀረው ጥቂት ነው፤ በድምፁ ቢለካ ግን ሙሉ ነው።

ከሦስቱ የምንማረው ባጭሩ ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይጠገናልን?» አይደለም፤ በቂ ገንዘብና ትዕግሥት ካለ የማይጠገን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ ለምን ሥራ ይፈለጋል?» የሚለው ነው። ሊታይ ነውን? ሊጫወቱበት ነውን? ወይስ ሊሸጥ? ይህ ሳይመለስ ካቻቪቴ ማንሣት ርስቱን ሳይለኩ አጥር እንደ መትከል ነው።

ምኑ ይተካል? ምኑ አይተካም?

ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ የጻፈውን ያነበበ ተማሪ ጥያቄውን ያውቀዋል። አቴናውያን የመርከቧ እንጨት ሲበሰብስ በሌላ እየተኩ ለብዙ ዘመን ጠበቋት፤ ፈላስፎችም «ያቺው መርከብ ናትን ወይስ ሌላ?» እያሉ ተከራከሩባት። እኛ ግን ለዚህ ክርክር ከቤታችን የተሻለ አስተማሪ አለን። የመሰንቆ ቆዳ ሲቀደድ ሌላ ይወጠርለታል፤ የፈረስ ጭራው ሲበጠስ ይለወጣል። ቢሆንም አዝማሪው «የአባቴ መሰንቆ ነው» ሲል ማንም ሐሰተኛ አይለውም። ቆዳውና ጭራው ሲሠሩም ጀምሮ እንዲያልቁ የታሰቡ ናቸውና።

በዚህ ዐይን ስናየው የቤዝ ጊታር ክፍሎች በሦስት ይመደባሉ። አንደኞቹ በአገልግሎት የሚያልቁ ናቸው፤ ክሮቹ፣ ፍሬቶቹ፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት ቀጭን ጥርስ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት ጃክ፣ የድምፅ ማሳነሻው ቁልፍ ከእነዚህ ይቈጠራሉ። እነዚህን መለወጥ ነውር የለውም። ሁለተኞቹ ሊተኩ የማይችሉ ናቸው፤ የአንገቱና የገላው እንጨት፣ የመጀመሪያው ፒክአፕ፣ የፋብሪካው ቫርኒሽ። እነዚህ የሚነኩት ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ሦስተኞቹ የኑሮ ምልክቶች ናቸው፤ የተጫዋቹ ክንድ ያበሰው ቦታ፣ የቀበቶ ጭረት፣ በጀርባው የተቀረጸ ስም። እነዚህ ጉዳት ይምሰሉ እንጂ ጉዳት አይደሉም፤ ሊጠገኑም አይገባም።

ከመንካት በፊት መመርመር

ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። መሣሪያውም እንዲሁ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የተገኘው ጉዳት ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። አንገቱ ወይም ራሱ ላይ ስንጥቅ ካለ ክሮቹ ወዲያውኑ ይላሉ። የተቃኙ አራት ክሮች በአንድነት አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስባሉ፤ በስንጥቅ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው እንደ ማንጠልጠል ነው።

መሣሪያው ድምፅ አልሰጥ ካለ ፒክአፑ ሞተ ብሎ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው። በመጀመሪያ ደኅና መሆኑ በታወቀ ገመድና ማጉያ ይሞከር። ቀጥሎ ጃኩ ይታይ፤ በየቀኑ የሚሰካና የሚነቀል እሱ ስለሆነ ሽቦው የሚላቀቀው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛ የድምፅ ቁልፉ ይዙር፤ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ለኤሌክትሪክ ዕቃ የተሠራ ማጽጃ ፈሳሽ እንጂ አዲስ ቁልፍ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በቴስተር ፒክአፑን መለካት። ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቈጠር ዙር የተጠመጠመ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። በፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ደኅናው 10 ሺህ ኦም ገደማ፣ በጃዝ ቤዝ ላይ አንዱ ፒክአፕ 7 ሺህ ኦም ገደማ ያሳያል። ቴስተሩ ጨርሶ ምንም መንገድ ካላገኘ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል። ያን ጊዜም ቢሆን አይጣልም፤ ማግኔቱና መቀመጫው ሳይለወጥ ሽቦው እንደገና ሊጠመጠም ይችላል።

ስለ ድምፅ ቁልፉ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ የአሜሪካ ቁልፎች ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1376632 የሚል ቢገኝ 137 የፋብሪካው መለያ ነው፤ 66 ዓመቱን 1966ን፣ 32 ደግሞ የዓመቱን ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ያመለክታል። ይህች ትንሽ ብረት የመሣሪያው የልደት ወረቀት ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብትለወጥ እንኳ ስሟ ተጽፎባት በፖስታ ውስጥ ከመሣሪያው ጋር ትቀመጥ እንጂ ከጥራጊ ጋር አትጣል።

አንገቱን ለመመርመር ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። አንዱን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በሁለት እጅ ተጭኖ፣ መካከል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው። የአንድ ካርድ ውፍረት ያህል፣ ማለት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት መልካም ነው። ክፍተቱ እጅግ ከሰፋ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል፤ ጨርሶ ከሌለ ወደ ኋላ ጎብጧል ወይም ፍጹም ቀጥ ብሏል። ይህን የሚያስተካክለው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው ትራስ ሮድ የሚባለው የብረት ዘንግ ነው። በአሮጌ ፌንደሮች ላይ ማጥበቂያው በገላው በኩል ስለሆነ አንገቱን ሳይፈቱ አይደረስበትም። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፣ ከዚያም መሣሪያው እንዲያርፍ ይተዋል። አልዞር ካለ ይቆማል። በጉልበት የተበጠሰ ዘንግ አንገቱን ሳይከፍቱ አይወጣም፤ ያም ከሁሉ የከበደው ጥገና ነው።

ስንጥቅ፣ ሙጫና ቫርኒሽ

በአሮጌ መሣሪያ ገላ ላይ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። አብዛኞቹ የእንጨት ስንጥቅ ሳይሆኑ የቫርኒሽ መሰነጣጠቅ ናቸው። መለያው ይህ ነው፤ የቫርኒሹ መስመር ብዙ ጊዜ የእንጨቱን ሥር አቋርጦ በረድፍ ይሄዳል፣ የእንጨት ስንጥቅ ግን የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ይሄዳል፣ በጥፍር ሲዳሰስም ከፍና ዝቅ ያለ ጠርዝ አለው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው፤ ይተዋል። ሁለተኛው ቁስል ነው፤ ይታከማል።

የራስ ስብራት ከሁሉ የሚያስፈራው ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ይልቅ ይቀላል። ስብራቱ የእንጨቱን ሥር ተከትሎ ረዘም ያለ ከሆነ፣ ስንጥሮቹም ካልጠፉ፣ በመልካም የአናጢ ኮላ ተጣብቆ በሞርሳ በልኩ ተጠብቆ ሲያድር እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ስብራቱ አጭርና አቋራጭ ከሆነ ግን ኮላ ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላ እንጨት የተቈረጠ ማጠናከሪያ ሊገባበት ያስፈልጋል፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። ሙጫ ከመቀባቱ በፊት ስብራቱ በደረቁ ተገጥሞ መሞከር አለበት፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ነውና። ከሁሉ በላይ የሚከለከለው በየሱቁ የሚሸጠውን በሰከንድ የሚደርቀውን ማጣበቂያ ማፍሰስ ነው። እሱ ስብራቱን ጠማማ እንደሆነ ያደርቀዋል፣ ወደ እንጨቱም ይገባል፤ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ሌላ ኮላ እንዳይዝለት ያደርጋል። እንደ ሆፍነር ውስጡ ባዶ ለሆነው ደግሞ ቫዮሊን ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ከእንስሳ ቆዳ የሚፈላው ሙጫ ይመረጣል፤ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለቅ የዛሬው ሥራ ነገ ሊፈታ ይችላልና።

ቫርኒሽን በሚመለከት ምክራችን አጭር ነው፤ አይነካ። ቀለሙን ፍቆ እንደገና መቀባት ለመሣሪያው ድምፅ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ በአሮጌ መሣሪያ ገበያ ግን ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ያነሣውን የሚመልስ ጥበብ አልተገኘም። በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል።

ነገር ግን፣ የሚለን ይኖራል፣ ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬት ነቅሎ አንገት ቀባ አላላችሁምን? ብለናል። እሱ የሚፈልገውን ድምፅ ያውቅ ነበር፤ መሣሪያውም በዚያን ጊዜ ያገለገለ ዕቃ እንጂ ብርቅ አልነበረም። ተጫዋች ለድምፁ ሲል በራሱ መሣሪያ ላይ የሚያደርገውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ድምፅ ሳይፈልግ ለማሳመር ብቻ የሚደረገውን ነው።

ስለ ወራቱና ስለ ወጪው

እንጨት ከተቈረጠም በኋላ ይተነፍሳል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፤ በበጋ ደረቅ አየር ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ስለዚህ በነሐሴ ጎበጠ የተባለ አንገት በጥር ቀና ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ፍሬቱም በበጋ ከአንገቱ ጠርዝ ጫፉን አውጥቶ ጣት ሊቧጭር ይችላል። ከሌላ አገር ወይም ከቆላ የመጣ መሣሪያ ከመመርመሩ በፊት ለጥቂት ቀናት በሚኖርበት ክፍል ይረፍ። ከምድጃና ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት ይራቅ።

ወጪውን ሲያስቡ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ ጥገናውን ከመሣሪያው የሽያጭ ዋጋ ጋር ብቻ ማመዛዘን ነው፤ ልንሸጠው ካላሰብን ትክክለኛው ሚዛን ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ መሣሪያ የሚፈጀው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መሞከር ነው። ርካሹና የሚመለሰው ሥራ ይቅደም፤ ጃክ፣ ጽዳት፣ ክር። ከዚያ ተጫውተውበት ቀሪውን ጉድለት መሣሪያው ራሱ ይንገራቸው። ልዩ የጊታር ባለሙያ ካልተገኘ ሥራው ይከፈል፤ ሽቦው ለራዲዮ ጠጋኝ፣ ስብራቱ ልባም ለሆነ አናጢ። ግን ለሁለቱም የሚሠራውና የማይነካው በጽሑፍ ይሰጣቸው። ጎበዝ አናጢ በራሱ ደግነት ቫርኒሽ ቀብቶ ሊመልሰው ይችላልና።

በሙዚቃ ክበባችን ይህ ነገር በቃል ብቻ አልቀረም። ክበቡ ያለው ብቸኛ ቤዝ ከብዙ ዓመት በፊት በስጦታ የተገኘ ነው፤ ከራሱ ጀርባ ተሰንጥቋል፣ ድምፅም አይሰጥም ነበር። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ «ክፍሎቹ ይሸጡና ገንዘቡ ለአዲስ መግዣ ይዋል» አሉ፤ ሌሎቹ «ቀለም ይቀባና ለበዓሉ ይድረስ» አሉ። የቀሩት «ምንም አይነካ፣ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ» አሉ። ክርክሩን ያስታረቀው ምርመራው ነው። የድምፁ መጥፋት ከጃኩ ላይ የተላቀቀ አንድ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ስንጥቁ እውነተኛ ቢሆንም ረጅምና ንጹሕ ነበር። በመስታወት ውስጥ የሚያስቀምጥ ታሪክ አልተገኘለትም፤ የሚጫወትበት ተማሪ ግን ነበር። ስለዚህ ስንጥቁ በኮላ እንዲያዝ፣ ሽቦው እንዲበየድ፣ ቀለሙ እንዳለ እንዲቀር ተወሰነ። የተሸጡ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሽቦ ምክንያት ክበቡ መሣሪያ አልባ ሆኖ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ማንም ተማሪ እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጁ ሲገባ ሦስት ጥያቄ ለራሱ ያቅርብ። ከጥገናው በኋላ የሚጫወትበት ሰው አለን? የምንሠራው ሥራ ነገ ሊፈታና ሊመለስ ይችላልን? ሥራውን የሚያውቅ እጅ አለን? ለሦስቱም «አዎን» የሚል መልስ ካለ ይጠገን። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል ክሮቹ ይላሉ፣ በሣጥኑ ውስጥ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ የተላቀቀው ሁሉ በፖስታ ይታሸግ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አደራ መጠበቅ ነው። እኛ የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች እንዳልሆንን ሁሉ የመጨረሻዎቹም ልንሆን አይገባንም።